በፎሌ የወረድነው ሊማሊሞ

ጎንደር፣ ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬም ለጥናቱ ወደ ሊማሊሞ ሄድን። በዚያ ቁልቁለት መኪና ለምን እንደሚገለበጥ ሾፌሮችን የምጠይቀው እኔ ነኝ። የኮሌጁን ላንድሮቨር የሚነዱት አያ ደሴ ናቸው።

ጠዋት ዳባት ላይ ያገኘሁት የጭነት መኪና ሾፌር ሳያፍር ነገረኝ። «ነዳጅ በኩፖን ሆነ። ቁልቁለት ሲሆን ሞተር እናጠፋና፣ ማርሽ አውጥተን በፎሌ እንለቀዋለን። ፍሬኑ ከጋለ ግን አይዝም፤ ያኔ ገደል ነው» አለኝ። እንዲህም ያለ እብደት አለ ብዬ ዘገነነኝ።

ደባርቅን አልፈን መውረድ እንደጀመርን ይህንኑ ለአያ ደሴ አወራላቸው ነበር። መሀል ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደማወራ ታወቀኝ። የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። ለካ የእኛም ሞተር ጠፍቷል!

«አያ ደሴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ኧረ መንገዱን ይዩ!»

«ሁልጊዜስ እንዲህ አይደል የምንወርድ? የሚሰጡን ነዳጅ ለደርሶ መልስ አይበቃም። ጥናትሽ እንዳይቋረጥብሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ሞተር ያስነሱ ካልኩ ጥናቱ ቆመ ማለት ነው። ዝም ካልኩስ?

ሊማሊሞ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጸጥ ስለሚል።