ስለ ኮቴ መስቀያና ስለ ጓጉንቸሩ

ለተከበሩ የስፖርት አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ደምዎ በልኩ፣ ትንፋሽዎ በሥርዓቱ፣ ልብዎም በቦታው እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደረጃ ካልወጣሁ ደህና ነኝ።

ለመጻፍ የተነሣሁት ስለምለብሰው ኮቴ ነው። በመልበሻ ክፍሉ በር አጠገብ ያለችው ምስማር ለዓመታት ኮቴን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔን ሜዳ ላይ ከሚሸከመው የእግር ኳስ ቡድናችን ቀጥሎ እንደ እሷ የታገሠኝ የለም። አሁን ግን ቀይ ሳጥን ሰቅለውባት፣ ኮቴ ወለል ላይ ከሰው ካልሲ ጋር ይውላል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው በድንገት የቆመ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ መሆኑን ሲነግሩን ግን አጨብጭበናል። ከመካከላችን ሃምሳ ያልሞላው ዳኛው ብቻ ነው፤ እኔም ብሆን ወደ ኳሱ ስሮጥ ሆዴ ቀድሞኝ ይደርሳል። ብዕር ካነሣሁ አይቀር የቀሩትንም ቅሬታዎች በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ መሣሪያው እንዳይሰረቅ በጓጉንቸር ማስቆለፍዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኪስ ነው። እሱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛ የምንጫወተው ከሰዓት በኋላ ነው። ልባችን ከምሳ በፊት እንዲቆም ብንመክረውም እሺ አላለንም።

ባለፈው ወር በረኛችን፣ በቁመናው «ግንቡ» የምንለው ወንድማችን፣ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ሰዓት የሚያባክን መስሎኝ «ተነሥ እንጂ፣ እየመራን እኮ አይደለም» ብዬ ተሳለቅሁበት። በእኔ ጨዋታ ለመሳቅ የመጣችው የእህቴ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ከመቀመጫዋ ዘልላ ደረቱን መጫን ጀመረች። እኔም በዕድሜዬ ሮጬው የማላውቀውን ሩጫ ወደ ሳጥኑ ሮጥሁ። ጓጉንቸሩን ነቅንቄ፣ ለምኜው፣ ባዶ እጄን ተመለስሁ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ግንቡን ያቆየው የልጅቱ ክንድ ነው። ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ ጨው የሌለው ሾርባ እየጠጣ ይረግመናል።

ሁለተኛ፦ ከዚያ በኋላ ሐኪም አስመጥተው ያስመርምሩን ብንልዎ፣ «የልብ ሕመም ላለበት ሰው መጫወት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ስለለጠፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ግንቡ እስከወደቀባት ደቂቃ ድረስ የልብ ሕመም እንዳለበት አያውቅም ነበር። ፊደሉ ግን አምሯል፤ የእኔ ልብ ማንበብ ስላልተማረ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ከርስዎ የተሻለ የሚሰማኝ ኃላፊ ስለማላውቅ ለርስዎ አቀርባለሁ። በቡድናችን ደክሞት ቀድሞ የወጣ ሰው የሁላችንን ማሊያ ያጥባል። ይህን ሕግ ያወጣሁት ብልሁ እኔ ነኝ። ግንቡ ያን ዕለት ገና ሲጀመር ደረቱን እየጨነቀው ዝም ያለው እጥበቱን ሸሽቶ ነው። እኔም ስንቴ ደረቴን ሲጫነኝ «ቃር ነው» እያልሁ ሮጫለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «አጎቴ፣ ሲሮጡ ብቻ የሚመጣ ቃር የለም» ብላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችኝ። ሕጉንም ገልብጠነዋል፤ አሁን የሚያጥበው መጨረሻ የወጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው ሳይጋጋል ሁላችንም ደረታችንን ይዘን ወጣን፤ ማሊያውን ዳኛው አጠበ።

የሚመጣው ቅዳሜ ግን ግጥሚያ አለን፤ ተጋጣሚዎቻችን ደግሞ ከኛም ያረጁ ናቸው። ስለዚህ እግርዎ ሥር ወድቄ፣ ለመነሣት የሚያግዘኝ ሰው ከተገኘ ማለቴ ነው፣ የምለምንዎ ያ ጓጉንቸር…

ይቅርታ፣ በሩ ተንኳኳ።

የመጣው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ከነገ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ሰጥተውት፣ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ለታመነ ሰው አስረክብ ብለውት ኖሯል። ቤቱ የሚቀርበው የታመነ ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። መዳፌ ላይ አኑሮልኝ፣ ግባ እንኳ ሳልለው ሄደ። ልመናዬን እዚህ ላይ አቁሜያለሁ።

ከሆዱ ኋላ እየሮጠ ክብርዎን የሚያስብ፣
ትንፋሽ አጥሮት የታጠፈው የቡድናችን የግራ ክንፍ

ማስታወሻ፦ ጓጉንቸሩ ነገ ጠዋት ተከፍቶ ከነቁልፉ እንደሚጠፋ ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ። የኮቱን ቅሬታ አንሥቻለሁ፤ ወለሉ ተስማምቶታል። ንብረት አጥፍተሃል ብለው ሊጠይቁኝ ከመጡ፣ በሕይወት ቆይቼ በር ላይ እቀበልዎታለሁ።