የማን 2010?

ሰኞ

አንድ ቀን ግሩምን በራሱ ካሜራ ማንገቻ አንቀዋለሁ።

ጋሽ ሙላት፣ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ዛሬ ጠዋት አዲስ ትእዛዝ ይዘው መጡ። ዲስኮቹ ሞልተዋል፤ ከአስር ዓመት በላይ የቆየ ቪዲዮ ይጥፋ፣ የቀረው በአንድ ዓይነት ስም ይቀመጥ። ቀረጻው የግሩም፣ ቅንብሩና ጣጣው የኔ።

ግሩም ለፋይሎቹ ያወጣላቸው ስሞች፦ «ሰርግ አዲስ»። «ሰርግ አዲስ የመጨረሻ»። «የመጨረሻ በቃ»። «ይሄኛው ነው»። «ሰውየው ሲወድቅ»። የትኛው ሰውዬ? የት ነው የወደቀው?

የኔ ሕግ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ዝግጅት፣ የባለጉዳዩ ስም። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ካሜራው የሚጽፈው እንደዚያ ነውና። አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ግሩም አነበበና «ስም ከሰው ፊት ነው እንጂ ከቀን አይወጣም» አለኝ። ፈላስፋ!

ማክሰኞ

ከአያት ቦሌ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ በስልክ ከሚስቱ ጋር ተጣላ። ለሚስቱ አዘንኩ።

ትልቁን ሰማያዊ ዲስክ ጨረስኩ። ግሩም ዓመት ከጻፈባቸው ፎልደሮች ከ2016 በታች የሚለው ሁሉ ተሰረዘ። የሰረዝኩትን አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ መዝግቤያለሁ፤ እኔ እንደ ሌላው ዝርክርክ አይደለሁም። ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆነ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ባዶው ቦታ ላይ አዳዲስ ቅጂዎችን ጫንኩ።

ከምሳ በኋላ ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች። ሠናይት ትባላለች። ሰርጓን እኛ ነን የቀረጽነው፣ አያት ሰፈር፣ እናቷ ግቢ። ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ አርፈው እሁድ አርባቸው ነው። በሰርጓ ቀን ሲመርቋት ያሉትን ለቤተሰቡ ማሰማት ትፈልጋለች። በሰጠናት ፊልም ላይ ምርቃቱ ሙዚቃ ተጭኖበታል፤ የእናቷ አፍ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሙዚቃውን የጫንኩት እኔ ነኝ።

«ድምጿን ሌላ ቦታ አላስቀረሁም። ጥሬው ቅጂ እናንተ ጋ አለ አይደል?» አለችኝ። አለ አልኳት፣ በኩራት።

ስምንት ዓመት፣ በፈረንጅ 2018። ፈለግኩ። የለም። ሠናይት ብዬ ፈለግኩ፣ ሰናይት ብዬ ፈለግኩ። የለም።

ግሩም ላይ ጮህኩበት፣ ጋሽ ሙላት እያዩ። አንተ ዝርክርክ፣ የሰው እናት አጠፋህ አልኩት። ሌንሱን መጥረግ ቀጠለ። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ

ግሩምን በማስረጃ ላፋጥጠው ደብተሬን ገለጥኩ። አስራ አንደኛው መስመር፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፦ «2010 አያት ሰርግ — ተሰርዟል»።

የግሩም 2010 የሐበሻ 2010 ነው። በፈረንጅ 2018።

እኔም የተወለድኩት፣ የተዳርኩት በዚሁ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ፈረንጅ እሆናለሁ። የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩ። ሁለት የተበላሹ ምስሎች መለሰልኝ፣ ድምፅ የለም። ትናንት በላዩ ላይ ጭኜበታለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ከሀፍረትም።

ዓርብ

ለግሩም ነገርኩት። ቃሉ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው የወጣው። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት አሰበና «ሲመርቁ ነጠላቸው የወደቀባቸው ሴትዮ?» አለ። እኔ ስለ ነጠላ ምን አውቃለሁ!

ለካ ቤቱ አሮጌ ዲስክ አለው። የወደዳቸውን ቅጂዎች ይሰበስብበታል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ዛሬውኑ ለጋሽ ሙላት አሳብቅበት ነበር። ምርቃቱ እዚያ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ

ዲስኩን ይዞ መጣ። ዓመት የለ፣ ወር የለ፣ የባለጉዳይ ስም የለ። በኔ ሕግ እዚያ ውስጥ ዝሆን ቢደበቅ አይገኝም። እሱ ግን ዝርዝሩን ወረድ ወረድ አደረገና ቆመ። «ነጠላቸው ወደቀ ግን አላቆሙም» ይላል።

ድምፅ አለው። «ውለጂ፣ ክበጂ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ ስትጣሪ አቤት የሚል ልጅ ይስጥሽ።»

ሠናይት መጥታ ሰማችው። ሦስት ጊዜ። የመጨረሻው ላይ ለስክሪኑ «አቤት» አለች። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

ስትሄድ ሁለታችንንም አመሰገነች። ጋሽ ሙላት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሥርዓት ማለት ይሄ ነው!» አሉኝ። ግሩም አላጋለጠኝም። እጠላዋለሁ፣ አሁንማ ብሶብኛል።

ፋይሉን በሕጌ ልሰይመው ተቀመጥኩ። 2018 ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። 2010 አልኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። እንዳለ ተውኩት።

ከዚያ ደብተሬን ደግሜ ገለጥኩ። እስካሁን ያየሁት አስራ አንደኛውን መስመር ብቻ ነበር። አስራ ሁለተኛው 2011 ይላል። አስራ ሦስተኛው 2012። ከሥራቸው ገና ሙሉ ገጽ አለ።

ግሩም ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ነበር። ደብተሬን እንደያዝኩ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩና ቁጭ በል አልኩት። እባክህ ማለት ረሳሁ።