የስፌት መኪናዬ ወደ መስኮቱ ስለ መዛወሩ

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? መልሱን ባውቀውም ሳልጠይቅህ አላልፍም። እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? አባዬስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬ ቀሚሶቼን በጎን በጎን እየተረተርኩ ነው።

ደብዳቤህ አንጀቴን በላው፤ የተረፈኝን ቀጭኑን ማለቴ ነው። ሐኪሙ ትልቁ አንጀትህ ካልወጣ ቁስለቱ አይለቅህም ቢልህ፣ ሆዴ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት ለጥፌ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል ብለኸው መውጣትህን ጻፍክልኝ። እኔም ያኔ ሐኪሙ ትልቁ አንጀትሽ ይውጣ ሲለኝ ይህንኑ ነበር ያልኩት።

እዚህ መጋረጃ በምንሰፋበት ቤት መኪናዬ የነበረው ሽንት ቤቱ በር ሥር ነው፤ ለምኜ ነው ያስቀመጡልኝ። ደም እያየሁ ስመላለስ እውል ነበር፣ ይሄንማ አንተም ታውቀዋለህ። ጨርቅ ቆራጯ «ዘበኛዋ» የሚል ስም አወጣችልኝ።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስመለስ ምን እንደሆንኩ ለማንም አልተናገርኩም። ከረጢቷን ለመደበቅ የሰፋሁት ቀሚስ ድንኳን አክሎ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ሁሉም ተነሥተው እንኳን ደስ ያለሽ! አሉኝ፤ ከመጋረጃ ትርፍራፊ የሕፃን ብርድ ልብስ ሰፍተውልኛል። ምን ላድርግ? የሆዴን አወጣሁት። ሳቁ ቤቱን ሞላው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቆራጯ ብርድ ልብሱን ቆርጣ ለከረጢቷ ልብስ አደረገችላት። ዘበኝነቱ ቀረልሽ ብለውም መኪናዬን ወደ መስኮቱ አዛወሩት።

ሁሉም ማር ነው አልልህም። አንዴ ገበያ መሃል ከረጢቷ ተላቅቃብኝ አልቅሻለሁ። ውሃና ጨው ካጓደልኩም ያዞረኛል። ግን ስትሞላ ሽንት ቤት ገብቼ አፈስሳለሁ፣ እወጣለሁ፣ በቃ። ያ ቁርጠት የለም፣ ደም የለም። ባለፈው ሰሞን ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ሄጄ ከኋላ ወንበር እንቅልፌን ለጠጥኩት።

ማን ታገባኛለች ብለሃል። ባለቤቴ የሚለውን ስማ፦ ድሮ ከሽንት ቤቱ ጋር ነበር የምካፈልሽ፣ አሁን ለብቻዬ ሆንሽልኝ ይላል።

እማዬን ጉልበቷን፣ አባዬን ግንባሩን ሳምልኝ። ታናሿ እህታችንን መድኃኒትህን ስላላስረሳችህ አመስግንልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ ሰላም ይሉሃል።

ብሞት ይሻለኛል ያልከውን ግን ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ። ወደ ሐኪሙ ተመለስ። ደፋር ሁን አልልህም፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነው ቀዶ ሕክምናው ክፍል የገባሁት። ፈርተህ ግባ፣ ብቻ ኑርልኝ።

እህትህ
ከቤቴ፣ ግንቦት 12 ቀን