ባለቤቱ ሳይጠየቅ የወጣ ድምፅ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ተሰማ፣

እንዴት ሰነበቱ? የደብረ ብርሃንን ብርድ ለመዱት? ልጅዎ ማህሌት ሁለት ጋቢ ደርበው ሬዲዮ አቅፈው እንደሚውሉ ነግራኛለች። እኛ ዘንድ ደግሞ የሱቁ ቆርቆሮ ገና በጠዋቱ ይንጫጫል፤ ያስገቡልኝ ቬንትሌተርም ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞርልኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ። ማንጎ ስለደረሰ አንድ ካርቶን ልኬልዎታለሁ። ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ግን እንዳይቀምሱ፣ ጉቦ እንዳይመስልብኝ።

ለምን አልደወልሽም ይሉኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ አውርተን ዘጋን። በማህሌት ቴሌግራም ልላክ ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን ያውቁኛል፣ በማጣበቂያ የታሸገ ፖስታ ከመቆለፊያ ሁሉ ይበልጣል ብዬ የምሟገት ሰው ነኝ። ፖስታ ከተከፈተ ያስታውቃል፤ ስልክ ማን እንዳነበበው ትንፍሽ አይልም። ደግሞም ጥፋት ያለበት ሰው እጁ እስኪዝል ቢጽፍ ይገባዋል።

መጀመሪያ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል? ካሴት የሚገዛ ጠፍቶ እርስዎ የባትሪ ድንጋይና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጡ ነበር። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። "ጋሼ፣ በርዎ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ላስቀምጥና ስልክ ልጠግን?" አልኩዎት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ሴት ልጅ ስልክ ስትጠግን አይቼ አላውቅም፤ እስቲ ልይሽ" ብለው የራስዎን ስልክ አቀበሉኝ። ስልኩ ምንም አልነበረበትም፣ ድምፁ ብቻ ተቀንሶ ነበር። ሊፈትኑኝ ይሁን ወይስ ሳያውቁት፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖርን። እኔ የሰው ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እሞላለሁ፣ እርስዎ ከባንኮኒው ጀርባ "ሌባ!" ይሉኛል። "ጉሮሮው እስኪደርቅ የዘፈነውን ሰው ሳትጠይቂ እንዴት ትሰጪበታለሽ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ዘፈን ለሰው ካልደረሰ ምን ይሠራል?" እላለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም የጫንኩ ዕለት ነው ጉድ የሆንኩት። "ይሄን ማን ሸጠልሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "ማንም አይሸጠውም፤ የሠሩት ሰዎች ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲገለብጠው፣ እንዲያሻሽለው ፈቅደዋል" ብዬ በኩራት ሳስረዳ፣ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ሰቅለው "እነሱ ፈቀዱ። የአንቺ ዘፋኞች መቼ ፈቀዱ?" አሉኝ። ሻይ ላዝዝልዎት ብዬ ወጣሁ።

በሌላው ነገር ግን አቋሜ እንዳለ ነው። ዘፈን እጅ ላይ ሲኖር ነው የእኔ የሚባለው። ዳታ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ከኢንተርኔት እየሳቡ የሚሰሙት ሁሉ ደርቀው ሲቀመጡ የእኔ ደንበኞች ሙሉ ሚሞሪ ይዘው ይዝናኑ ነበር። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጣርማ በር ዋሻ ላይም ያው ነው፤ ሚሞሪ የያዘ ሹፌር እየዘፈነ ገብቶ እየዘፈነ ይወጣል። አሁንም ሰው ስልኩን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምመለከተው ለአፖቹ ምን ምን እንደፈቀደ ነው። ባለፈው አንዲት ማሾ ነጋዴ የባትሪ መብራት አፕ ጭና፣ መብራቱ የስልክ ቁጥሮቿን በሙሉ ላንብብ ብሏት፣ እሷም እስማማለሁ ብላለች! "መብራት የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል እህቴ?" ብላት "እኔማ ካልተጫንኩት አላበራ አለኝ" አለችኝ። ስለ ዘንድሮ ዘፈን ደግሞ እኔና እርስዎ ተጣልተን አናውቅም። መግቢያ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ድምፁን ሁሉ በማሽን ልገው ልገው አንድ ዓይነት ስላደረጉት ዘፋኙን የምለየው ስሙን አንብቤ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሱቁን ትተውልኝ ወደ ማህሌት ሲሄዱ "ካሴቶቹን ለሚወድ ስጪ፤ ይቺን ሰማያዊ የጫማ ካርቶን ግን ጣያት" ብለውኝ ነበር። እሺ አልኩ፣ አልጣልኳትም። ሦስት ዓመት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። የካቲት ላይ ጣሪያ ሲጠገን ወድቃ ተከፈተች። አይ፣ አልዋሽዎትም፤ አልወደቀችም፣ እኔ ነኝ የከፈትኳት።

ውስጧ አንድ ካሴት ብቻ ነበር፣ ላዩ ላይ በእርስዎ እጅ "ሙከራ፣ 1973" ተብሎ ተጽፎበታል። የሌላ ዘፋኝ መስሎኝ ክሩን በእርሳስ አጥብቄ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠርጌ ከፈትኩት። መሰንቆ መጣ፣ ጭብጨባ መጣ፣ ከዚያ እርስዎ መጡ። "ሂዳያ፣ በሩን መልሺው፣ አቧራው!" የሚለኝ ያው ድምፅ ነው፤ ግን የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ።

"ሮቢ ሞልቶ ዋለ፣ ማን ያሻግረኛል፣
ማዶ የቆመችው፣ ዓይኗ ይጠራኛል።"

ማዶ የቆመችው ማን እንደነበረች አልጠይቅም። ስድስቱንም ዘፈኖች ቆሜ ሰማሁና አለቀስኩ። አንድ ደንበኛ ገብቶ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ የብየዳው ጭስ ነው አልኩት።

ለማህሌት ደውዬ ነው ታሪኩን የሰማሁት። በአውራጃው ኪነት እንደነበሩ፣ ካሴቱን ይዘው አዲስ አበባ እንደሄዱ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ግማሹን እንኳ ሳይሰማ "የቆላ ድምፅ ነው፣ አይሸጥም" ብሎ እንደመለሰልዎት፣ በጭነት መኪና ተመልሰው በዓመቱ ካሴት ቤት እንደከፈቱ። እኔማ ለምን ይህን ሥራ መረጡ ስልዎት "ድምፅ የሌለው ሰው ድምፅ ይሸጣል" ይሉኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስንት ጊዜ አብሬዎት ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ለፋሲካ ላስገርምዎት ብዬ ዘፈኖቹን ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ የካሴቱን ጫጫታ ሳጸዳ ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። የመጀመሪያውን ዘፈን የጨረስኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሥራዬ እንዳይጠፋ ተጣድፌ "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫንኩ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላነበብኩም። ፕሮግራሙ መጨረሻ የተጠቀምኩበትን ፎልደር ያስታውሳል፤ እሱም "አዲስ የገቡ" የሚለው ነበር። የእኛን አሠራር ያውቁታል፤ ሰው ፍላሹን ሲሰጠኝ አንድ በአንድ አልመርጥም፣ ያንን ፎልደር እንዳለ ጎትቼ እገለብጥለታለሁ። ሳታነቡ አትስማሙ እያልኩ ከተማውን የማሰለች ሰው እንዲህ ሆንኩ። መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከገበያ ስመለስ የደንበኛዬ የያሕያ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ "ሮቢ ሞልቶ ዋለ!" የያዝኩት ቲማቲም ከእጄ ወደቀ።

"ያሕያ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ከአንቺ ነዋ! የዚያን ሰሞን ፍላሼን የሞላሽልኝ ጊዜ። ስሙን አይልም እንጂ ወላሂ ሰውዬው አንጀት ይበላል። ከሚሴ ያለው ዘመዴም ወስዶታል።"

ጋሼ፣ ያን ዕለት የተሰማኝን ልንገርዎት? መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ደስ አለኝ። መንገዱ ዳር ሽንኩርት የምትደረድር ሴትዮ ራሷን እየነቀነቀች ትከተለው ነበር፤ ከዚያ ዘፈን በኋላ የቆላ ድምፅ አይሸጥም ያለውን ሰው ፈልጌ ባጃጅ ውስጥ ላስቀምጠው አማረኝ። ቤት ስገባ ግን ደስታው የእኔ እንጂ የእርስዎ አለመሆኑ ታየኝ። ጣያት ያሉኝን ነገር ለአገሩ በትኛለሁ። ፋይሉን ከፎልደሩ በዚያው ዕለት አወጣሁት፤ የወጣው ግን ወጥቷል።

እሱ ሳያንስ ቢኒያም የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ድርጅት አለው። ዘፈንዎን አንድ የጭነት መኪና ውስጥ ሰምቶ፣ እየጠየቀ እየጠየቀ እኔ ዘንድ ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከልቡ ወዶታል። ግን "ድምፁ እዚህ እዚህ ጋ ይንሸራተታል፤ በማሽን እናስተካክለዋለን፣ ከበሮ እንጨምርበታለን" አለኝ። "አይንሸራተትም፣ ዳገቱን የሚወጣው እንደዚያ ነው" አልኩት። ውሉን ተቀብዬ አሥሩንም ገጽ አነበብኩ። ለዘለዓለም ይላል። በዓለም ዙሪያ ይላል። ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ቴክኖሎጂ ይላል፤ ገና ባልተፈጠረ ነገር ላይ የሚያስፈርም ሰው አይተው ያውቃሉ? ዘጠነኛው ገጽ ደግሞ ይባስ፤ ድምፅዎን ለማሽን አስጠንቶ፣ እርስዎ ዘፍነው የማያውቁትን ዘፈን በእርስዎ ድምፅ የማዘፈን መብት ይጠይቃል።

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚፈራረመው እህቴ" አለኝ። "ደግሞ ካሴቱ በእጅሽ አይደል? አንቺው ፈርሚልኝ።"

"ካሴቱ በእጄ ነው፤ ድምፁ ግን የሰው ነው። ሰውየው ሳይጠየቅ አልፈርምም" አልኩት። ይህን ስል ከባንኮኒው ጀርባ እርስዎ የተናገሩ መሰለኝ። እንግዲህ ይኸው፣ ዘጠኝ ዓመት የተከራከርንበትን ረትተውኛል። አሁን ዘፈን የምሞላው ከፈቀዱ ሰዎች ብቻ ነው፤ ሁለት የማጀቴ ከተማ ዘፋኞችና አንድ የመንዙማ ባለሙያ ራሳቸው መጥተው ሰጥተውኛል። ፎልደሩ ሳስቷል፣ አንዳንድ ደንበኛም ያኮርፋል፤ ቢሆንም እኔ ቀሎኛል።

ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከዚሁ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የእርስዎ ስለሆነ እርስዎ ዘንድ ይሁን። አጥፊው ካሉኝ ከእኔ ኮምፒውተር ወዲያው ይጠፋል። የሞላሁላቸውን ሰዎች ስም ጽፌ ይዣለሁ፤ እስካሁን አርባ አንድ ደርሰዋል፣ አንድ በአንድ እሄድባቸዋለሁ። ሁሉንም እደርስበታለሁ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ይውጣ ካሉ ደግሞ፣ ማንም በማሽን ሳይልገው፣ ስምዎ ተጽፎበት ይወጣል፤ ውሉንም እኔና ማህሌት በሁለት ገጽ እናረቅቀዋለን፣ ዘለዓለም የሚል ቃል አይኖርበትም። አጥፊውም ቢሉኝ ይውጣም ቢሉኝ ሁለቱንም እሺ እላለሁ። ስለ ካርቶኗ ግን ይቅር ይበሉኝ። ድምፅዎን በመስማቴ ብቻ ልጸጸት ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም።

እስከ መልስዎ ድረስ እጄን አጣጥፌ እንዳልቀመጥ ብዬ ትናንት ከያሕያ ጀመርኩ። መናኸሪያ በር ላይ ሰው ሲጠብቅ አገኘሁትና "ያቺን ዘፈን ላጥፋት፤ ባለቤቱ አልፈቀደም" አልኩት።

"ባለቤቱ ካልፈቀደማ ሐራም ነው፤ ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?" አለኝ።

"ተሳስቼ ነው።"

ፍላሹን ሊነቅል እጁን ሰደደና ተወው። "አንዴ ብቻ እንስማት፣ ከዚያ ትወስጃለሽ።" ከኋላ ከማጀቴ የመጡ ሱሌይማን የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ያሕያ ፍላሹን ነቅሎ እጄ ላይ አኖረው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ይሄ የዘፈነው ልጅ ሞቷል?"

"የለም አባባ፣ አሉ።"

"ታሟል?"

"ደህና ናቸው።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?"

ያሕያም ዞሮ አየኝ፣ እኔ የምመልስ መስሎት። መልሱ የእኔ አይደለም ጋሼ፤ ጥያቄው ግን ይድረስዎት ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

አክባሪዎ
ሂዳያ