በነፋስ የተሳበበ ጥይት፦ የአቶ ዋለ ቢሻው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋለ ቢሻው ከአባታቸው ከአቶ ቢሻው ካሳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልታዬ ይመር ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በወግዲ ወረዳ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መካነ ሰላም ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ጠመንጃ አዋቂ ስለነበሩ፣ ዋለ ጥይትን በመዳፉ መዝኖ የለየው ፊደል ከመለየቱ በፊት ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይነገራል።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ውትድርና ገብተው በጥይት ግምጃ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አገለገሉ። በዚሁ መካከል፣ በ1978 ዓ.ም.፣ ከወ/ሮ ሙሉሐረግ ኪዳነማርያም ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ሠራዊቱ ሲበተን አገራቸው ተመልሰው ሲያርሱ ቆዩ። በ1988 ዓ.ም. የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ባሌ ደጋ በሚወስድ ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው የእንግዳውን ጠመንጃ መፈተሽና ጥይት መምረጥ ነበር። የረጠበ ወረቀት ቆልለው ከቅርብም ከሩቅም ይተኩሱበትና አረሩን በቢላ ፈልፍለው አውጥተው ያዩት ነበር። ለሩቅ ተኩስ የሚሆነው አረር ጉልበቱ ደክሞ ስለሚደርስ በቀላሉ እንዲከፈት ለስላሳ ሆኖ ይሠራል። ያው አረር ከቅርብ ሲመታ ግን አጥንት ላይ ይበተናል፤ እንስሳውም ሳይሞት ቆስሎ ይሄዳል። አቶ ዋለ ይህን ሳያስረዱ ለማንም ጠመንጃ አጉርሰው አያውቁም ነበር።

በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. አንድ እንግዳ የደጋ አጋዘን ከገደል ማዶ፣ ከአራት መቶ ሜትር እመታለሁ ብሎ ለስላሳውን አረር ጠየቀ። በዚያ ቀን ግን ጉም ወርዶ ማዶው አይታይም፤ አጋዘን ቢገኝ ከቅርብ ነው። አቶ ዋለ ለቅርብ የሚሆነውን ጠንካራውን አረር በእጃቸው እንደያዙ የቡድኑ መሪ፣ «የሚፈልገውን ስጠው፣ ዋለ። እንግዳ አናስቀይም» አላቸው። ሰጡት።

አጋዘኑ በሰማንያ እርምጃ ብቅ አለ። ትከሻውን ተመትቶ ደሙን እያዘራ ጫካ ገባ። የኩታበሩ ተወላጅ አቶ አህመድ ሙሐመድኑር የቡድኑ ዱካ አዳኝና የአቶ ዋለ የአሥር ዓመት ባልንጀራ ነበሩ። ቁስለኛን ትቶ መመለስ ሐራም ነው ብለው ደሙን ተከተሉ፤ በጉሙ ውስጥም ከገደል ወደቁ። ወገባቸው ተሰብሮ ዳግመኛ አልተራመዱም።

ድርጅቱ አጋዘኑ ለምን ቆስሎ እንዳመለጠ ሲጠይቅ፣ አቶ ዋለ ጥይቷን ነፋስ ገፍቷት ነው ብለው ፈረሙ። በዚያ ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንዳልነበረ ያውቁ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ትተው መካነ ሰላም የእርሻ መሣሪያ ሱቅ ከፈቱ። ኩታበር ሄደው እውነቱን ሊናገሩ ዛሬ ነገ ሲሉ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሲደርሱ አቶ አህመድ ከሞቱ አርባ ቀን አልፎ ነበር። ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ኡሙልኸይር ሁሉን ነገሯቸው። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ «አህመድማ ያውቅ ነበር» አሏቸው። «ከደሙ ዘንድ የተበተነ አረር አንስቶ ኪሱ ከቶ ነበር። እንጀራዎ እንዳይቋረጥ ብሎ ለሰው አልተነፈሰም። ይመጣል እያለ ግን ይጠብቅዎ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ዋለ በየዓመቱ ኩታበር እየሄዱ ቤተሰቡን ሲጠይቁ ኖሩ። ወ/ሮ ኡሙልኸይር አውፍ ብለው ይቅር ቢሏቸውም፣ «አውፍ ሊለኝ የሚገባው እሱ ነበር» ይሉ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ደሴ እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ለልጃቸው ለየኔአለም ሁለት ነገር አዘው ነበር፤ ይህ ታሪክ ምንም ሳይቀነስበት እንዲነበብና በቀብራቸው ላይ ጥይት እንዳይተኮስ። ወ/ሮ ሙሉሐረግ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ወ/ሮ ኡሙልኸይርም ከኩታበር መጥተው ዛሬ በመካከላችን አሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ከባልንጀራቸው ከአቶ አህመድ ጋርም አገናኝቶ ሳይነግሯቸው የቀሩትን ይነግሯቸው ዘንድ ይፍቀድላቸው።