በላዩ ነው ወይስ በታቹ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ባደርክበት ዱር፣ በዋልክበት ገደል እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እግርህን የወጋህ እሾህ ሻረልህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል ሰውነቴን ነው፤ ራሴን እንጃ። ደብዳቤ መጻፍ አደጋ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ዐርብ ዕለት ወንዙን የተሻገራችሁት በላዩ መሻገሪያ ነው ወይስ በታቹ?

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ መሀሉ ላይ ከጠፋብኝ ታገሠኝ። አሁን ልብስ የማጥበው ለጣልያን ሹማምንት አዲስ ቤት በተሠራበት፣ ሰዉ ካዛንቺስ ማለት በጀመረው ሰፈር ነው። አስተርጓሚው ቸሩ እዚያው ይሠራል። ወታደሮቹ የት እንደሚያደፍጡ ከሰማ ጓሮ መጥቶ በጆሮዬ ይነግረኛል። ወረቀት የለም፤ ኬላው ላይ ሹሩባችንን ሳይቀር ፈተው ይፈትሻሉ። እኔ የሚጠገን ልብስ ታቅፌ፣ ቃሉን በአፌ ይዤ፣ ቂርቆስ ደጃፍ ላለው ልብስ ሰፊ ለሓዱሽ አደርሳለሁ፤ ሓዱሽ ለእናንተ ያደርሳል። ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው ቃሉን እንዴት እንደምይዘው ነው።

ዝም ብዬ የሰማሁት ቃል አንድ ሸሚዝ ጨምቄ እስካሰጣ እንኳ አይቆየኝም። ከከንፈሬ በታች እየደጋገምኩት ከሄድኩ ይቆያል። ለብዛቱም ልክ አለው፤ አምስት ስድስት ነገር እይዛለሁ፣ ከዚያ ካለፈ አዲሱ ሲገባ ያለው ይወጣል። የማጥብላት ሲኞራ የሚታጠበውን ስትዘረዝርልኝ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለችው ልቤ ውስጥ ይቀርና የመሀሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቃሎቹን አያይዤ ዘፈን አደርጋቸዋለሁ፤ አምስቱ አንድ ይሆኑልኛል። የሚገርመኝ የድሮው ነው። አንተ ስትወለድ የእናታችን ቀሚስ ጫፍ በምን ቀለም ክር እንደተሰፋ ዛሬም ይታየኛል፤ ያዢው ያለኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት አደራ የተባልኩት ግን ለምን ይጠፋል? አንተ ከእኔ ይልቅ የተማርክ ነህና ካወቅኸው ንገረኝ።

ሐሙስ ቸሩ የነገረኝ አምስት ነገር ነበር። ዐርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በእንዲህ ያለው መሻገሪያ፣ ከብት ፊት አስቀድማችሁ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ። መሻገሪያው ከአምስቱ መሀል ላይ ነው። እየደጋገምኩት ኬላውን አለፍኩ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ለተገብርኤል አገኙኝ። ባላቸው ከሞቱ አርባቸው ገና ነው። ከል የለበሰ ሰው ሰላም እያለኝ ጥዬ ልለፍ? እጄን ይዘው ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ጉልበቴን፣ አጎታችንን፣ ከዓመት በፊት የሞተችውን ላማችንን ሳይቀር ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በመሀል ከንፈሬን ባንቀሳቅስ፣ ምን አልሽ ልጄ አሉኝ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንድምሽስ ደኅና ነው? አሉ። ደኅና ነው አልኳቸው።

ዞር ስል ዐርብ አለ፣ ጎህ አለ፣ ከብቱ አለ፣ ሁለት ሁለት አለ። መሀሉ ባዶ ነው።

ሓዱሽ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ አሁን ካልወጣሁ አልደርስም አለ። አንደበቴ በላዩ አለ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ቢለኝ አዎ አልኩት። ለምን አዎ አልኩ? አፍሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ጥዬ አላውቅም ነበራ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አንሶላ ስጨምቅ ሳልጠራው በቸሩ ድምፅ መጣ፤ በታቹ። ወይስ ፍርሃቴ ነው የተናገረው? ቸሩን እንዳልጠይቀው ከአለቃው ጋር ጅማ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ በላዩ፣ አንድ ጊዜ በታቹ እያልኩ እውላለሁ። አሁን ደግሞ ሁለቱንም የሰማሁ ይመስለኛል።

ትናንት ሓዱሽ ጋቢህን አመጣልኝ። እጠቢው አለኝ። በየት ተሻገሩ ብዬ ብጠይቀው መሬት መሬት አየ። ዘፈዘፍኩት፤ ውሃው ቀላ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የላዩ መሻገሪያ አፈር ጥቁር ነው፤ ቀይ አፈር ያለው በታቹ ነው። እንግዲያ በታቹ አልፈዋል፣ ሓዱሽ እኔን አልሰማኝም አልኩ። ውሃውን ለወጥኩ፤ እንደገና ቀላ። በሥራዬ እንደማውቀው አፈር ሲያድር ከገንዳው ሥር ይዘቅጣል። ዛሬ ጠዋት ሳየው ውሃው እንዳለ ቀይ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም። የዚያ ወንዝ አፈር የማይዘቅጥ ይሆን? አንተ ረግጠኸዋልና ጻፍልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል።

ጋቢው ደርቋል። ደረቱ ላይ የተቀደደውን በነጭ ክር ሰፍቼዋለሁ፣ አይታወቅም። ሓዱሽ ደብዳቤ አልወስድም ስላለኝ በጋቢው ጠቅልዬ አስቀምጥልሃለሁ፤ ስትመጣ ታነበዋለህ። ብርዱን ያሳልፍልህ። የእናታችን ጸሎት ካለህበት ይድረስልህ። በዐይነ ሥጋ ያገናኘን።

ልረሳው ነበር። ዛሬም እትዬ ለተገብርኤል ደጃፍ አገኙኝ። እጄን ይዘው ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ጉልበቴን፣ አጎታችንን፣ ላሚቱን ሁሉ ጠየቁኝ። አንተን ግን አልጠየቁኝም። ረስተው ይሆናል።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ