ማንም ያላዘዘኝ ውሃ

ኅዳር 5

…«እንግዳ ቁጭ ብሎ ሴት ልጅ ቁጭ አትልም» ትል ነበር እናቴ። ከዚያ ደግሞ… ከዚያ ምን ነበር የምትለው? ዳባት ያለው ቤታችን፣ የጓዳው በር… ረሳሁት። ለምን ዛሬ መጣብኝ?

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነው። ባቄላ ገባ፣ ባቄላ ተለቀመ። ሴቶቹ ለቀማ ቤት፣ ወንዶቹ ሚዛንና ቢሮ። መሀል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጎንደር ከተዛወረ ወዲህ የደባርቁን ቅርንጫፍ በውክልና ይዣለሁ። ለቃሚ ሆኜ በገባሁበት ድርጅት።

አብራኝ ትለቅም የነበረችው ኑራ ከክምሩ ላይ ቀና ብላ፣ «አንቺ፣ ወንበሩ ለመደሽ? ወይስ እያደር ይቆረቁራል?»

«አልተሾምኩም እኮ።»

«ታዲያ ቶሎ ተሾሚና ይህን የሚያፈስ ጣሪያ አስጠግኚልን!»

ኅዳር 9

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ደወሉ። የድርጅቱ ባለቤት ራሳቸው። ባቄላችንን ወደ ውጭ የሚወስዱት ገዢዎች ይመጣሉ። «ምሳ ላይ አብረሽን ትቀመጫለሽ። እንዴት እንደምታስረጂ ልይና ሹመቱን አጸድቃለሁ።» እሺ አልኩ።

ኅዳር 12

ምሳው ከሆቴል መጣ፣ ቢሮው ውስጥ። ወንበሬ ከአቶ ሰይፈ ሥላሴ ቀጥሎ። ሁለት እንግዶች፣ አስተርጓሚያቸው፣ ያለው የሚባለው ሚዛን ያዣችንም ተቀምጧል። የምናገረውን በልቤ እደግማለሁ… ቧንቧው ደርቋል። ማስታጠቢያው በሩ አጠገብ። ሁሉም እጁን አየ።

ተነሣሁ።

ማን አዘዘኝ? ማንም። አቶ ሰይፈ ሥላሴን አስታጠብኩ፣ እንግዶቹን አስታጠብኩ። ያለውንም። እኔ የማዘውን ያለውን! «ተባረኪ እሌኒዬ» አለ፣ እጁን እያራገፈ።

ስመለስ ወንበሬ ላይ የአንዱ እንግዳ ቦርሳ። አንሡልኝ ማለት ነበረብኝ… እንጀራ ጨመርኩ። ወጥ ጨመርኩ። ስለ ባቄላው እርጥበት ሲጠይቁ ያለው መለሰ። ጥሩ መለሰ። ጠዋት የነገርኩትን ነው።

ኅዳር 13

ቦርሳው ከባድ አልነበረም።

ኅዳር 18

የተሾመው ያለው ነው።

አቶ ሰይፈ ሥላሴ በስልክ፦ «አትቀየሚ። ሥራሽን አውቃለሁ። ግን እንግዶቹ ኃላፊው እሱ መስሏቸው ሄዱ። አንቺም ብትሆኚ… ቆመሽ ዋልሽ እኮ።»

ቆሜ ዋልኩ። እውነታቸውን ነው። ተቀመጪ ያለኝስ ነበር?

ለኑራ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ። አልሳቀችም። «እኔም ብሆን እነሣ ነበር» አለች። ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 4

ሌሎች ገዢዎች መጡ። የባቄላውን ናሙና ይዤ ገባሁ፤ ምሳ ቀርቧል። «እሌኒዬ፣ ኧረ ቁጭ በይ» አለ ያለው። ክፉ ሰው አይደለም። ተቀመጥኩ።

ውሃ ዛሬም የለም። ማስታጠቢያው እዚያው። ሁሉም እጁን አየ፣ ከዚያ እኔን። ጉልበቴ ተነሺ ተነሺ አለኝ… ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ምነው አንዳቸው እንኳ ብድግ ቢል!

ያለው ወደ ለቀማ ቤቱ ተጣራ። «ኑራ! እስቲ ነይ አስታጥቢን!»

መጣች። ሻሿ የባቄላ አቧራ ለብሷል። አንድ በአንድ አስታጠበቻቸው፣ ጎንበስ እያለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ተነሥቼ ከእጇ መቀበል ነበረብኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል።

«ይበቃዎታል?» አለችኝ ኑራ።

ማስታጠቢያውን ቦታው መለሰች። ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።